ሴንሰሩ አያርፍም፤ ዳታቤዙስ? ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የምርጫ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ቢራው፣ የታሸገ ውሃው፣ ብርድ ልብሱና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያደመቋት ከተማ ናት። አዲስ የማምረቻ መስመር በተተከለ ቁጥር ሴንሰር አብሮ ይተከላል። የቦይለሩ ሙቀት፣ የቧንቧው ግፊት፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታው፣ የጠርሙሱ ቆጠራ ሁሉም በየሰከንዱ ይጻፋሉ፤ ሌሊት የለ፣ በዓል የለ። ይህን ሁሉ የሚቀበለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለንብረት ክፍልና ለደመወዝ ተብሎ የተዘጋጀ ዳታቤዝ ነው። ጥቂት ወራት ይታገሣል። ከዚያ ሪፖርቱ ይዘገያል፣ ስክሪኑ ይደርቃል፣ ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባው ላይ ሁለት ሐሳቦች አይጠፉም፦ «ትልቅ ሰርቨር ይገዛ» እና «ዳታቤዙ ይቀየር»።

ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሁለቱም ወጪያቸው ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የታመመውን ክፍል አይነኩም። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አማራጮች በአመዛኙ ምንም ከማያስወጣው ጀምሬ ወደ ውዱ እሄዳለሁ። መካከለኛ ፋብሪካ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል የሚል እምነት አለኝ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ ናቸው፤ ማይኤስኪውኤል ለተባለው ዳታቤዝ ተጠቃሚዎችም ልዩነቱ ባለበት ቦታ እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ ሒሳቡ

400 ሴንሰሮች በየሰከንዱ አንድ አንድ ንባብ ይልካሉ እንበል። በቀን 34,560,000 ረድፍ ይሆናል። አንድ ረድፍ ጊዜውን በ8 ባይት፣ የተለካውን ዋጋ በ8 ባይት፣ የሴንሰሩን ቁጥር በ4 ባይት ቢይዝ ሃያ ባይት ብቻ ይመስላል። ፖስትግሬስ ግን ለእያንዳንዱ ረድፍ ራስጌና ጠቋሚ ይጨምርበታል፤ የማስተካከያ ክፍተትም አለ። ሁሉም ሲደመር 52 ባይት ገደማ ይደርሳል። በቀን 1.8 ጊጋባይት፣ በዓመት ከ650 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። በሴንሰርና በጊዜ ላይ የተሠራ አንድ የተለመደ ቢ-ትሪ ኢንዴክስ (ረድፍን ፈጥኖ ለማግኘት የሚያገለግል ማውጫ) በቀን ሌላ 1 ጊጋባይት ያህል ይጨምራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ኢንዴክሶች ካሉ ማውጫው ከመጽሐፉ ወፍሯል።

ይህን ስሌት በራስዎ ቁጥር ይሥሩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የሚቸገረው መጻፉ ነው ወይስ ማንበቡ? ማንም ሪፖርት ባልከፈተበት ሌሊት ዲስኩ ሥራ በዝቶበት ከታየ ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የወሩን ፍጆታ ሲከፍቱ ብቻ ሁሉም የሚቆም ከሆነ ማንበቡ ላይ ነው። በፖስትግሬስ «ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ» የሚባለው ተጨማሪ፣ በማይኤስኪውኤል ደግሞ የዘገዩ ጥያቄዎች መዝገብ የትኛው ትእዛዝ ጊዜውን እንደሚበላ በስም ይነግራሉ። ይህን ሳያዩ መድኃኒት መምረጥ አይገባም።

አንድ በአንድ ወይስ በጥቅል?

ዳታቤዝ አንድን ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቅ የሥራ ጥቅል) «ተቀብያለሁ» ከማለቱ በፊት መዝገቡን ዲስክ ላይ ማሳረፉን ያረጋግጣል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንድ ግንኙነት እየተከታተሉ የሚመጡ ትራንዛክሽኖችን በእውነት እያሳረፈ የሚቀበለው በሰከንድ ከዚያ በማይርቅ መጠን ነው። 400 ንባብ በ400 ትራንዛክሽን ሲመጣበት ወረፋው በየሰከንዱ ይረዝማል። የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ዳታቤዙ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ፕሮሰሰር መግዛት ደግሞ የዲስኩን ዙር አያፋጥንም።

እፍኝ እህል ይዞ ወፍጮ ቤት የሚመላለስ የለም። 400ውን ንባብ ለአንድ ሰከንድ አጠራቅሞ በአንድ ትራንዛክሽን መላክ 400 ማሳረፍን ወደ 1 ያወርዳል። በፖስትግሬስ «ኮፒ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ረድፍ ለማስገባት ከተራው «ኢንሰርት» ይሻላል፤ በማይኤስኪውኤልም በአንድ «ኢንሰርት» ውስጥ ብዙ ረድፍ መደርደር ይቻላል። የሚጠይቀው ዋጋ ሴንሰሩን የሚያነበው ፕሮግራም ላይ ጥቂት መስመር መጨመርና ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰከንድ መዘግየት መታገሥ ነው። ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የሚወስድ ሰው ካለ ይህን ይውሰድ።

እግረ መንገድ፦ በየንባቡ አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ፕሮግራም ካለ እሱንም ያስተካክሉ። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ይከፍታል፤ በነባሪ የሚፈቅደውም 100 ግንኙነት ነው። ቁጥሩን ወደ ሺህ ከማሳደግ እንደ ፒጂ ባውንሰር ያለ ግንኙነት አጋሪ ከፊት ማስቀመጥ ይበጃል።

መብራት በሚሄድበት ቦታ ፍጥነትን መግዛት

ሌላው ነጻ የሚመስል አማራጭ ዳታቤዙ ዲስኩን ሳይጠብቅ «ተቀብያለሁ» እንዲል መፍቀድ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ስለሚምታቱ ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በፖስትግሬስ «ሲንክሮነስ ኮሚት» የሚባለውን፣ ማለትም ከማጽደቅ በፊት ዲስኩን መጠበቅን፣ ማጥፋት መብራት ድንገት ቢሄድ የመጨረሻዎቹን ንባቦች ሊያሳጣ ይችላል፤ በነባሪው ቅንብር ጉዳቱ ቢበዛ 0.6 ሰከንድ ያህል ነው። ዳታቤዙ ግን አይበላሽም። ከዚህም በላይ ቅንብሩ በየትራንዛክሽኑ ሊለያይ ይችላል፦ ለሙቀት ንባብ ጠፍቶ፣ ለመጋዘን ወጪና ለሽያጭ ደረሰኝ በርቶ ይሠራል። ይህ ልዩነት ለፋብሪካ ወርቅ ነው፤ የግማሽ ሰከንድ ሙቀት ቢጠፋ ማንም አይከስስም፣ አንድ የጭነት ደረሰኝ ቢጠፋ ግን ሒሳብ ክፍሉ እንቅልፍ አይወስደውም።

በማይኤስኪውኤል ተመሳሳዩ ቅንብር የኢኖዲቢ (ማይኤስኪውኤል ዳታውን የሚያስቀምጥበት ክፍል) መዝገብ በየኮሚቱ፣ ማለትም ትራንዛክሽን በጸደቀ ቁጥር፣ እንዴት እንደሚፈስ የሚወስነው ነው። 1 ሲሆን ሁልጊዜ ዲስክ ላይ ይሳረፋል። 2 ሲሆን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተሰጥቶ ዲስኩ ላይ የሚሳረፈው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ ዳታቤዙ ብቻ ቢወድቅ ምንም አይጠፋም፣ መብራት ቢሄድ ግን የሰከንድ ያህል ዳታ ይጠፋል። 0 ሲሆን ዳታቤዙ ብቻ ቢወድቅም ይጠፋል። በ2 እና በ0 መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ 0ን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ዳታው ዲስክ ላይ በእውነት እንዲያርፍ የሚያስገድደውን የፖስትግሬስ «ኤፍሲንክ» ማጥፋት ነው። በየድረ ገጹ እንደ ማፍጠኛ ይመከራል። መብራት በሄደ ጊዜ ግን የሚጠፋው ሰከንድ አይደለም፤ ፋይሉ ራሱ ሊበላሽና ዳታቤዙ በሙሉ አልነሣም ሊል ይችላል። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ባለች ክፍተት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ባለሙያ ይህን አይነካም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ ይዞ ሰርቨሩን በሥርዓት የሚያጠፋ ዩፒኤስ ከማንኛውም ቅንብር ይቀድማል። ዲስክ የሚገዛ ከሆነም ተራ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) እና መብራት ሲቋረጥ የሚከላከል አቅም ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ዓይነት ውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ኃይል የያዘውን ጽፎ ስለሚጨርስ ለዳታቤዙ «አሳርፌያለሁ» የሚለው ሳይፈራ፣ ቶሎ ብሎ ነው። ተራው በሳጥኑ ላይ የተጻፈለትን ፍጥነት በየኮሚቱ ማሳረፍ ሲጠየቅ አያሳይም። በአንድ ገንዘብ ትልቅ ተራ ዲስክና ትንሽ የሰርቨር ዲስክ ቢቀርቡልኝ ትንሹን እወስዳለሁ።

ከፍታውንም አይርሱት። የተለመዱ ተሽከርካሪ ዲስኮች አምራቾቻቸው እንዲሠሩበት የሚፈቅዱት ብዙውን ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ የማንበቢያው ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነውና። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት፤ ወደ መንዝ ጓሳ ሲወጡ ግን 3,200 ይታለፋል። እዚያ ለሚቀመጥ የአየር ንብረት ወይም የቴሌኮም መሣሪያ ኤስኤስዲ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ብርዱ ለሰርቨር ክፍል ወዳጅ ቢሆንም ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ «እዚህ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል» የሚለውን ከመቀበልዎ በፊት ቴርሞሜትር ይስቀሉ።

ቢ-ትሪ ወይስ ብሪን?

እያንዳንዱ ኢንዴክስ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የሚከፈል ግብር ነው። የማያገለግለውን መሰረዝ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ፖስትግሬስ የትኛው ኢንዴክስ ስንት ጊዜ እንደተፈለገ ቆጥሮ ይዟል። ለቁልፍነት በዘፈቀደ የሚፈጠር ዩዩአይዲ (ረጅም ልዩ መለያ) ከተመረጠም ጣጣ አለው። አዲሱ ረድፍ በኢንዴክሱ ላይ የትም ሊያርፍ ስለሚችል ሁሉም ገጽ (ዳታቤዙ ዳታን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ሜሞሪ ውስጥ መኖር ይኖርበታል። በጊዜ የሚደረደረው 7ኛው ስሪት ይህን ይፈታል፤ በፖስትግሬስ 18 አብሮ ተሠርቶለታል።

ብሪን የተባለው ኢንዴክስ ከፖስትግሬስ 9.5 ጀምሮ አለ። እያንዳንዱን ረድፍ አይመዘግብም፤ በነባሪ በየ128 ገጹ ማለትም በየ1 ሜጋባይቱ ትንሹንና ትልቁን ጊዜ ብቻ ይይዛል። ለላይኛው ምሳሌያችን ቢ-ትሪ በቀን 1 ጊጋባይት ሲፈልግ ብሪን ከመቶ ኪሎባይት አይርቅም። «ትናንት ከ4 እስከ 5 ሰዓት የሆነውን አምጣ» ለሚል ጥያቄ ድንቅ ነው። «የ37ኛው ሴንሰር የመጨረሻ ንባብ ስንት ነው» ለሚለው ግን አይረባም፤ ለዚያ ቢ-ትሪ ያስፈልጋል፣ ወይም ለየሴንሰሩ አንድ ረድፍ ብቻ የያዘና በየጊዜው የሚታደስ ትንሽ ሠንጠረዥ።

ብሪን የሚሠራው ዳታው በጊዜው ቅደም ተከተል ሲመጣ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ጣቢያ ኔትወርክ ተቋርጦበት የሦስት ቀን ንባብ በአንድ ጊዜ ቢልክ የድሮው ጊዜ ከአዲሱ ጋር በአንድ ገጽ ይቀላቀላል፤ የብሪኑ ወሰን ይለጠጣል፣ ጥቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለው ድርጅት የዘገየውን ዳታ በተለየ ሠንጠረዥ ተቀብሎ ሌሊት ቢያዛውር ይሻላል። ዳግም የተላከ ንባብ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ መከልከል ካስፈለገ ደግሞ በሴንሰርና በጊዜ ላይ ልዩ ቁልፍ የግድ ነው፤ ያ ማለት ቢ-ትሪውን ከነዋጋው መቀበል ነው።

መሰረዝ ወይስ መከፋፈል? ወሩስ የማን ወር ነው?

የዓመት ዳታ ያለበትን አንድ ሠንጠረዥ «ዲሊት» እያሉ ማቅለል ችግርን በችግር መተካት ነው። ፖስትግሬስ የተሰረዘውን ረድፍ ወዲያው አያነሣውም፤ እንደሞተ ምልክት ያደርግበትና ቫኪዩም የተባለው አጽጂ እስኪደርስ ድረስ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ዳታው በማያቋርጥ ሁኔታ በሚገባበት ጊዜ ቫኪዩም እየተንገላታ ከኋላ ይሮጣል። ሠንጠረዡን በጊዜ ከፋፍሎ ያረጀውን ክፍል በሙሉ መጣል ግን የፋይል ማጥፋት ያህል ነው፤ በቅጽበት ያልቃል። ይህ የመከፋፈል አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ፖስትግሬስ 10 የራሱ ትእዛዝ አግኝቷል፤ ከ11 ጀምሮ ደግሞ በወላጁ ላይ የተሠራ ኢንዴክስ ወደ ልጆቹ ሁሉ ይወርዳል።

በየስንቱ ይከፈል? የውጭ መመሪያዎች ሁሉ «በየወሩ» ይላሉ፤ ወሩ የእነሱ ወር ነው። እዚህ ግን ሪፖርቱ የሚጠየቀው «የጥቅምት ፍጆታ» ተብሎ ነው፣ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሠንጠረዡ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከተከፈለ እያንዳንዱ የወር ሪፖርት ሁለት ክፍል ይነካል፤ የሐምሌ 1 መክፈቻም ከጁላይ 8 ጋር ስለሚገጥም መሀል ይቆርጣል። ፖስትግሬስ ለወር ስም ግድ የለውም፤ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ካሉት ይበቃዋል። ስለዚህ የመስከረም 2018ን ክፍል ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 እስከ ኦክቶበር 11 ማለት ይቻላል፤ መነሻው ይካተታል፣ መድረሻው አይካተትም። ጳጉሜን ብቻዋን ትሁን ወይስ ከነሐሴ ጋር? እኔ ብቻዋን አደርጋታለሁ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ወር በአንድ ቀን ይገፋል። ወሰኑን በእጅ የሚተይብ ሰው ያንን ዓመት ይሳሳታል፤ በቀን መቁጠሪያ ቀያሪ ፕሮግራም ይፈጠር። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የሰርቨሩ ሰዓት የዓለም አቀፉን የተከተለ ከሆነና ወሰኑ ሦስት ሰዓት መጨመሩን ሳይጠቅስ ከተጻፈ ክፍሉ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የወሩ የመጀመሪያ ሌሊት ሦስት ሰዓት ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ይገባል። ለሌሊት ፈረቃ የሚሠራ መስመር ላይ ልዩነቱ በሪፖርቱ ይታያል፣ ምክንያቱን የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው።

በየቀኑ መከፋፈልም አለ፤ ማንኛውንም ወር ከቀናት መገጣጠም ስለሚቻል የቀን መቁጠሪያውን ጣጣ ይቀንሳል። በዓመት 365 ክፍል ይመጣል። ሁለት ዓመት ብቻ ለሚይዝ ችግር የለውም፤ ክፍሎቹ ብዙ ሺህ ሲደርሱ ግን ዳታቤዙ ጥያቄውን ለማቀድ ራሱ ጊዜ ይፈጃል።

ሪፖርቱ ሲያስቸግር

ችግሩ ማንበቡ ላይ ከሆነ የሚቀርቡት አራት ምርጫዎች ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም።

ለንባብ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሰርቨር ሥራውን ያዛውረዋል እንጂ አያቀልለውም። አንድ ቢሊዮን ረድፍ የሚያነብ ሪፖርት እዚያም ያንኑ ያነባል። ጥቅሙ ዋናው ሰርቨር መጻፉን አለማቋረጡ ነው፤ አደጋ ሲመጣም መተኪያ ይሆናል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በየደቂቃው 60 ንባብ ወደ አንድ ረድፍ ሲጨመቅ የወሩ ሪፖርት የሚያነበው ረድፍ 60 ጊዜ ያንሳል። ነገር ግን አማካዩን ብቻ አያስቀምጡ። ድምሩን፣ ቁጥሩን፣ ትንሹንና ትልቁን ያስቀምጡ፤ ሴንሰሩ ግማሽ ደቂቃ ዝም ያለበት ጊዜ ካለ የአማካዮች አማካይ ከእውነተኛው አማካይ ይለያል። ቦይለሩ ለሦስት ሰከንድ ከልክ በላይ መሞቁም የሚታየው በትልቁ ላይ እንጂ በአማካዩ ላይ አይደለም።

ታይምስኬል ዲቢ በፖስትግሬስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ነው፤ መከፋፈሉን፣ መጭመቁንና የማጠቃለያውን መታደስ በራሱ ይሠራል። ቡድኑ ፖስትግሬስ የሚያውቅ ከሆነ ሽግግሩ ቀላል ነው። ፈቃዱን ግን ያንብቡ፦ መጭመቂያውና ራሱን የሚያድሰው ማጠቃለያ ለራስ አገልግሎት በነጻ የሚፈቀዱ ቢሆኑም ዳታቤዙን ራሱን እንደ አገልግሎት መሸጥ አይፈቀድም።

ክሊክሃውስ እ.ኤ.አ. በ2016 በያንዴክስ ለሕዝብ የተከፈተ፣ ዳታን በረድፍ ሳይሆን በዓምድ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። በቢሊዮን ለሚቆጠር ረድፍ ድምርና አማካይ ለማውጣት ከሁሉም ይበልጣል። በምላሹ በትንሽ በትንሹ መጻፍን አይወድም፤ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 1,000 ረድፍ እንዲላክለት ይመከራል፣ አለበለዚያ ጥቃቅን ክፍሎች ተከማችተው መቀበል ያቆማል። የመጋዘን ወጪና ገቢ የሚይዝ ሥራም አይሰጡት፤ ነጠላ ረድፍ ማረም ለእሱ ከባድ ነው። ከፖስትግሬስ ጎን እንጂ በፖስትግሬስ ቦታ አይቀመጥም።

ካሳንድራ የተባለውን ዳታቤዝ አንዳንዴ ሲያነሡ እሰማለሁ። ፌስቡክ ውስጥ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የተከፈተ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለመሰራጨት የተሠራ ነው፤ በወጉ ለመሥራት ቢያንስ ሦስት ሰርቨር ይፈልጋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ላለ ፋብሪካ አይሆንም። ዳታን እየተቀበለ የሚያከፋፍለው ካፍካም ብዙ ዳታ ላኪና ብዙ ተቀባይ ላለው ድርጅት መልካም ነው፤ አንድ ላኪና አንድ ዳታቤዝ ላለው ግን ሌላ የሚጠበቅ ሥርዓት መጨመር ነው። ከየጣቢያው ለሚመጣ ዳታ እዚያው ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኤስኪውላይት በተባለ ትንሽ ዳታቤዝ ማጠራቀምና ኔትወርክ ሲመለስ መላክ ይበቃል።

ሜሞሪ

አጭር ነው። የፖስትግሬስም የኢኖዲቢም ነባሪ የገጽ ማቆያ ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ነው፤ 64 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ገዝቶ ይህን ሳይነኩ መተው የተለመደ ነው። ለዳታቤዝ ብቻ በተለየ ሰርቨር ላይ ለፖስትግሬስ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ መነሻ ይሁን፣ ለኢኖዲቢ ከግማሽ በላይ መስጠት ይቻላል። ፖስትግሬስ «ቼክፖይንት ቶሎ ቶሎ እየመጣ ነው» (በሜሞሪ ያለውን ለውጥ ወደ ዳታው ፋይል የሚያወርድበት ጊዜ ማለት ነው) ብሎ በማስጠንቀቂያ መዝገቡ ካሳወቀ ደግሞ በነባሪ 1 ጊጋባይት የሆነውን የትራንዛክሽን መዝገብ ጣሪያ ከፍ ያድርጉ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

የመረጡትን በባዶ ሠንጠረዥ አይፈትኑ፤ ባዶ ሠንጠረዥ ሁሉም ላይ ፈጣን ነው። ፖስትግሬስ ተከታታይ ቁጥርና ጊዜ የሚያመነጭ ትእዛዝ ስላለው የሦስት ወር የውሸት ንባብ ሠርቶ መሙላት ይቻላል። ከዚያ በእውነተኛው ፍጥነት እየጻፉ፣ የወሩን ሪፖርት ጎን ለጎን እየከፈቱ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት ያቆዩት፤ ቫኪዩምና ቼክፖይንት የሚያሳዩት ጠባይ በአሥር ደቂቃ ሙከራ አይታይም። ጠዋት መጻፉ እየቀጠለ ሳለ የሰርቨሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ይንቀሉ፤ ዩፒኤሱን ሳይሆን ገመዱን። የላኪው ፕሮግራም «ተቀብያለሁ» የተባለበትን የመጨረሻ ንባብ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይመዝግብ። ሰርቨሩ ተነሥቶ ዳታቤዙ ሲከፈት በውስጡ ያለውን የመጨረሻ ንባብ ከዚያ ጋር ያስተያዩ፤ «ሲንክሮነስ ኮሚት» በርቶ ሳለ «ተቀብያለሁ» የተባለ ንባብ ከጎደለ ዲስኩ ወይም የዲስክ መቆጣጠሪያው ሳያሳርፍ አሳርፌያለሁ ብሏል ማለት ነውና ለሻጩ ይመለስ።